ልጄ ከማኪናዋ ሥር ሆና የነገረችኝ

ሥራዬ ሰው መጠየቅ ነው። ጎንደር ተቀምጬ ረጅም ዘመን ዜና ዘግቤአለሁ። ጎርፍ የወሰደው ማሳ ዳር ቆሜ፣ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ ድምፄ ሳይለወጥ ጠይቄ፣ የተባለውን እንደተባለ ጽፌ እመለሳለሁ። ባልደረቦቼ «አንተን የሚያስደነግጥ ነገር ገና አልተፈጠረም» እያሉ ይቀልዱብኛል። በዚያ ሰሞን ግን ገና አልፎ ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ በገዛ ቤቴ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ አቅቶኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ልጄ ትርሲት ሐኪም ናት። የምትሠራው ከትክል ድንጋይ አልፎ ወደ ሳንጃ በሚወስደው መንገድ፣ ቆላው ከሚጀምርበት አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ነው። ለገና ፈቃድ ወስዳ መጣች። በዓሉ አለፈ፤ እሷ ግን ከክፍሏ መውጣት እየቀነሰች ሄደች። አትበላም፤ ብትበላም እኛን ለማስደሰት ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ እናቷ አልማዝ «ሰኞ ነው አይደል የምትመለሽው?» ብላ ጠየቀቻት።

«አልመለስም።»

«ምነው? ቦታው አልተስማማሽም?»

«ቦታው አይደለም እማዬ። ሕክምናውን ነው። ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል።» ይህን ብላ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀች።

አልማዝ አየችኝ። ጠይቃት ማለቷ ነበር። እኔ ውኃ ቀዳሁና ጠጣሁ። የማላውቀውን ሰው መጠየቅ ይቀለኛል፤ መልሱ ቢያቃጥልም ጽፌው እሄዳለሁ። ይህኛው መልስ ግን እኔው ቤት ነው የሚቀረው። ደግሞም ሥራውን መተዋ አልነበረም ያስጨነቀኝ። ሰው ሥራ ይለውጣል። የፈራሁት የሆነውን ነገር ሳትናገረው ይዛው እንዳትኖር ነው። እንዲህ ሆነው የቀሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ስለ እነሱም ዘግቤአለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ዝምታው ሲከብደኝ ማኪናዬን ልሠራ ወጣሁ።

ማኪናዬ አሮጌ የጣሊያን ሥሪት ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። ከአንድ ጡረታ ከወጡ መምህር ነው የገዛኋት። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ጉድጓድ በነካች ቁጥር የፊት እግሯ «ጓ» ይላል፤ አልማዝም «እኔ በዚህ ከበሮ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም» ብላ መሳፈር ትታ ነበር። ችግሩ ጎሚኒው ነው። የፊት ጎማን ከሻንሲው፣ ከማኪናዋ አጽም፣ ጋር የሚያያይዝ ክንድ የሚመስል ብረት አለ፤ በክንዱ ጫፍ ባለው ቀለበት ውስጥ ደግሞ መሃሉ የብረት ቱቦ ያለበት ወፍራም ጎማ ይሰካል። እሱ ነው ጎሚኒ። መንገዱ የሚሰጠውን ምት የሚውጠው እሱ ነው። የእኔ አርጅቶ ተበጣጥሷል። አዲሶቹን ከገዛሁ ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን ቀለበቱ ውስጥ የሚገቡት በግድ ነው፤ እንዲያ ካልጠበቁ ደግሞ ዋጋ የላቸውም።

ሁልጊዜ የሚሠራልኝ መካኒኩ አያ ደስታው ነው። ስደውልለት ድምፁ ከሩቅ ነበር የሚመጣው።

«ለቅሶ ወርጃለሁ፤ አርማጭሆ ነኝ። አንተው ግባበት። ጎሚኒውን ፍሪጅ ውስጥ ክተተው፣ ትንሽ ይኮማተርልሃል። ሸጋ አድርገህ ቀጥ ካስያዝከው ሞርሳው ራሱ ይገፋዋል።»

«ብቻዬን ይሆናል?»

«የለም፣ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያጠብቃል። ቤት ሰው የለህም?»

ስልኩ ተቋረጠ። አዲሶቹን ጎሚኒዎች ፍሪጅ ውስጥ ከተትኳቸው።

የማኪናዋን ፊት በክሪክ አነሣሁ፤ በወፍራም የእንጨት ጉማጅ አስደገፍኩ፤ ክንዶቹን ፈትቼ አወረድኩ። አሮጌዎቹን ጎሚኒዎች እየገፋሁ አወጣኋቸው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥርዓቱ ሄደ። ከዚያ አልማዝ በወጥ ቤቱ በር ብቅ አለች፤ በእጇ አንድ ጥቁር ነገር ይዛለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ የበሬው የትኛው ብልት ነው?»

«ጎሚኒ ነው።»

«ከቅርጫው ሥጋ መሃል ነው ያገኘሁት! ቀቅዬው ብሆንስ?»

«ሁለት ቀን ብትቀቅይውም አይበስልልሽም» አልኳት። እየሳቀች ወረወረችልኝ።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ጎሚኒውን ከቀለበቱ አፍ ላይ አድርጌ በአንድ እጄ ደገፍኩ፣ በሌላው የሞርሳውን እጀታ እያዞርኩ መንጋጋውን አጠበቅሁ። ትንሽ ገባና ዘመመ። አወጣሁት። እንደገና ሞከርኩ፤ አሁንም ዘመመ፤ ከዚያ ድንገት ተፈናጥሮ ወጥቶ የቆርቆሮውን አጥር መታው። ግቢው አስተጋባ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን የኔታ ጥበቡ ናቸው፤ በሰፈራችን ደብር ቅኔ ያስተምራሉ፤ ምላሳቸው ስለታም ነው።

«ጋዜጠኛው!» ብለው ተጣሩ። «ማንን ነው የምትወግረው? ቤተ ክርስቲያን ያልሳመ ሁሉ ይወገር ተባለ እንዴ?»

«ብረት አስቸግሮኝ ነው የኔታ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔስ ይቅር ብዬአለሁ፤ ብረቱን ጠይቀው።»

የቤቱ በር ተከፈተ። ትርሲት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ደረጃው ላይ ቆመች። ከቀናት በኋላ ቀን ብርሃን ላይ ሳያት ፊቷ ከስቷል።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

«አንድ እጅ ጎድሎብኝ ነው» አልኳት። «ነይ ይህን ያዢልኝ።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል አልኩህ እኮ።»

«ሞርሳው አይንቀጠቀጥም። አንቺ ወዴት እንደሚዘም ብቻ እዪልኝ።»

ከደረጃው ወርዳ መጣች። ነጠላዋን አጥሩ ላይ ሰቀለችና ጎሚኒውን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ሞርሳውን አዞርኩ። «ቁም» አለችኝ። «ወደ ግራ ሄዷል።» አላላሁት፤ አስተካከለችው። እንደገና። «ቁም።» በሦስተኛው ላይ ጎሚኒው እስከ ግማሹ ገብቶ አልንቀሳቀስ አለ። ክብደቴን ሁሉ ጣልኩበት፤ እምቢ አለ። የግሪሱን ቆርቆሮ አነሣሁ።

«እሱን እንዳታስነካው!» ብላ እጄን ያዘችኝ።

«ምነው?»

«ጎማ እኮ ነው። የሐኪም ጓንት ላይ ቫዝሊን ከተቀባ ወዲያው ይበላሻል። ዘይት ጎማ ያሳብጣል፣ ያላላል። የሚያንሸራትት፣ ግን ደርቆ የሚጠፋ ነገር ነው የሚያስፈልገው። የሳሙና ዓይነት።»

ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ወደ ግቢው ጥግ አየን። አልማዝ ለጥምቀት የሚለበሱትን ነጠላዎች ለማጠብ እንዶድ ወቅጣ በትልቅ ሳፋ ዘፍዝፋለች፤ የየኔታም ኩታ አብሮ አለ። አረፋው ከሳፋው አፍ በላይ ወጥቷል። ትርሲት በኩባያ ዝቃ ስትመጣ እናቷ ደረሰችባት።

«ያ የታቦት ማጀቢያ ልብስ ነው! በእንዶዴ ማኪና ልታጥቡ ነው?»

«ለማጠብ አይደለም እማዬ፣ ለማዋለድ ነው» አለች ትርሲት። ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ፊቷ ጠቆረ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። የኔታ ከማዶ «ኩታዬን ጎሚኒ ጎሚኒ እንዳታሸቱብኝ!» ብለው ባይጮሁ ኖሮ ወደ ክፍሏ የምትመለስ ይመስለኛል።

ጎሚኒውንም ቀለበቱንም በአረፋው አራሰችው። ሞርሳውን አዞርኩ። ጎሚኒው ትንሽ ካንገራገረ በኋላ ሙሉ በሙሉ ገባና በሁለቱም በኩል እኩል ወጣ። ትርሲት ሳቀች። አጭር ሳቅ ነው፤ ያኔ ግን አልማዝ ሳፋዋን ትታ ቀና አለች፤ እኔም ወደ ቀጣዩ ጎሚኒ ጎንበስ አልኩ፤ ፊቴን እንዳታይ።

ቀሪዎቹን አብረን አስገባን። ክንዶቹን መልሰን ገጠምን። እኔ የጀመርኩትን ሳልጨርስ የማልነሣ ሰው ነኝ፤ ማኪናዋ በጉማጆቹ ላይ እንደተንጠለጠለች የክንዶቹን ቡሎኖች ዳዶዎች አንድ በአንድ አጥብቄ ጨረስኩ። ከዚያ አወረድኳት። የፊቷ ክፍል እንደ ተቆጣ ድመት ከፍ ብሎ ቀረ። በራሷ ክብደት ትረጋለች ብዬ እስከ ቀሐ ወንዝ ነድቼ ተመለስኩ። በየጉድጓዱ ታቃስታለች። ከበሮው ቀርቶ ማሲንቆ መጣ።

ትርሲት በስልኳ መብራት ከሥር አየች።

«ጎሚኒዎቹ እንደ ተጨመቀ ልብስ ተጠማዘዋል» አለች። ተነሥታ እጇን ጠረገችና አሰበች። «አባዬ፣ ዳዶውን ስታጠብቅ ጎማዎቹ አየር ላይ ነበሩ አይደል? ክንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ?»

«አዎ።»

«ስብራት ያለበትን እጅ በጀሶ ስናሽግ ዘርግተን አናሽገውም። ሰውየው በሚሠራበት አቋም፣ ኩባያ እንደያዘ አድርገን ነው የምናሽገው። አለበለዚያ ሲፈታ አይታዘዝለትም። ይህም እንደዚያው ይሆናል። ፈትተን፣ መሬት ላይ አቁመን፣ ክብደቷን ተሸክማ ሳለች ነው ማጥበቅ ያለብን።»

አሰብኩበት፤ ልክ ነበረች። ዳዶው ሲጠብቅ የመሃሉ ቱቦ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ክንዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚጠማዘዘው ጎማው ነው። ሁሉንም ፈታን። አራቱንም ጎማዎች ወፍራም ሳንቃ ላይ አቆምናቸው፤ ማኪናዋን ወደ ላይ ወደ ታች እያወዛወዝን አረጋጋናት። አሁን ግን ከሥሯ ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ የእኔ ሆድ አይገባም። «እኔ እገባለሁ» አለችና ጆንያ አንጥፋ በጀርባዋ ተንሸራታ ገባች። የሚታየኝ ጫማዋ ብቻ ሆነ።

ሥራው እንዲህ ነበር፦ እኔ ከላይ በሞተሩ በኩል እጄን አሳልፌ የቡሎኑን ራስ በቁልፍ እይዛለሁ፤ እሷ ከታች ዳዶውን ታጠብቃለች። ሁለታችንም አንድ ብረት ይዘናል።

«አባዬ።»

«አቤት።»

«ያዝከው?»

«ያዝኩት።»

ጥቂት አጠበቀች። ከዚያ ያላሰብኩት ነገር መጣ።

«አንዲት እናት ነበረች» አለች። «ከእኔ ታንሳለች። ከሩቅ ገጠር በሸክም ነው ያመጧት።»

ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። ቁልፉን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ልጁን አወጣሁት። አለቀሰ። ደሙ ግን አልቆም አለ። የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። ነርሶቹም ያላደረጉት የለም። ረዥሙን ቁልፍ ስጠኝ።»

በጫማዋ በኩል አቀበልኳት። መልሳ አጠበቀች።

«ሞተች። ከዚያ ጓንቴን ማውለቅ አቃተኝ። እጄ እንዲህ እንዲህ ሲል አንዷ ሲስተር ናት ያወለቀችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነው።»

የሚሰማኝን ብቻ ነው የነገርኳት። «አሁን አይንቀጠቀጥም።»

«በምን አወቅህ? አታየኝም እኮ።»

«በዚህ በኩል ይዤዋለሁ። ብትንቀጠቀጪ ብረቱ ይነግረኝ ነበር።»

ዳዶው አንድ ዙር ዞረ። የኔታ ከአጥሩ ማዶ ሰምተው ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም።

«ለባሏ የነገርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ጮኸ፤ መሬት ላይ ተዘረረ። ከዚያ ተነሥቶ ትከሻዬን ሳመኝና አመሰገነኝ። አባዬ፣ አመሰገነኝ! ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ምስጋና ምን ላድርገው?»

ያን ጊዜ ነው ልጠይቃት የደፈርኩት።

«ምን ብሎ ነው ያመሰገነሽ?»

«ያው የሚባለውን ነዋ። እግዜር ይስጥሽ...»

«እሱን ሁሉም ይላል። ሌላ ምን አለ? ቃሉን ንገሪኝ።»

 ቁልፉ ሻንሲውን ነክቶ ቀጭን ድምፅ ሰጠ።

«'ብቻዋን አልሄደችም' አለኝ። 'በሩ ገርበብ ብሎ አይቻለሁ፤ እጇን ይዘሽ ነበር' አለኝ።»

«ይዘሽ ነበር?»

«አንዱ እጄ ሥራ ላይ ነበር። አንዱን እሷ ናት የያዘችኝ። አላስለቀቅኋትም።»

«እንግዲያው ሰውየው ያየውን ነው የተናገረው» አልኳት። «ብዙ ለቅሶ ቤት ገብቼ ሰው ጠይቄአለሁ ትርሲት። በዚያ ሰዓት ሰው ለይሉኝታ ጉልበት የለውም።»

«ጎንደሬ? ጎንደሬ ሲሞትም ይሉኝታ አለው!»

«ይህን አልክድም» አልኩ፤ ከሥር ሳቀች። ሳቋ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ ረጅም ለቅሶ ነበር። አልማዝ እየሮጠች መጣች፤ በእጄ ምልክት ሰጥቼ አቆምኳት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ የልጇን ቁርጭምጭሚት ያዘች። ሦስታችንም እንዲያ ሆነን ቆየን፦ አንዱ ቡሎን ይዞ፣ አንዷ እግር ይዛ፣ አንዷ ከማኪና ሥር። በመጨረሻ ከሥር «ይኼኛው ጠብቋል። ወደ ሌላው ዙር» የሚል ድምፅ መጣ።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔና ትርሲት ማኪናዋን ለመሞከር ተነሣን። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደዋውዬ አጣራሁ፤ ልማዴ ነው። እስከ ትክል ድንጋይ ደርሰን ልንመለስ ነው የተነጋገርነው። መሪውን ትርሲት ያዘች። ከግቢ ስንወጣ የኔታ በራቸው ላይ ቆመው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

«ምነው ዝም አለች? ታመመች እንዴ?»

«ድናለች የኔታ!» አለቻቸው ትርሲት።

ማኪናዋ በእርግጥም ዝም ብላለች። ኮረኮንቹን ስትረግጥ የሚሰማው የጎማው ድምፅ ብቻ ነው። ትክል ድንጋይ ደርሰን ትርሲት ዳር ያዘች፤ ወረደች፤ ጎንበስ ብላ ጎሚኒዎቹን አየች፤ ተመልሳ ገባች። ሞተሩን ግን አላስነሣችም። ፊት ለፊታችን ወደ ሳንጃ የሚወስደው መንገድ አለ።

«ነዳጅ አለን?» አለች።

«አለ።»

 ሞተሩን አስነሥታ ወደ ፊት ነዳች። ወዴት እንደምንሄድ ገባኝ። ሻንጣ የላትም፤ ጋውኗ ቤት ነው፤ ፈቃዷም ገና አላለቀም። አልጠየቅኋትም። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ መስኮቴን ዝቅ አደረግሁ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው ዘሎ ተነሣ። «ዶክተር! ነገ አይደለም እንዴ?»

«ቀድሜ መጣሁ።»

አንዲት ሲስተር ከውስጥ ወጣች፤ ጓንቱን ያወለቀችላት እሷ መሆኗን በኋላ ነው የሰማሁት። ሰላምታ ሳትጨርስ «ምጥ የጠናባት አለች፤ ትገቢያለሽ?» አለቻት። ትርሲት እጆቿን ዘርግታ አየች። ከጥፍሮቿ ሥር የጎሚኒው ጥቁር አለ። አንዱ እጇ በትንሹ ተንቀጠቀጠ፤ እኔም አየሁ፣ ሲስተሯም አየች። ትርሲት አልደበቀችውም።

«ሳሙና ስጪኝ» አለችና ገባች።

ማኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ በበሩ ብቅ ብላ ከሩቅ እጇን አውለበለበችልኝ፤ ሂድ ማለቷ ነው። እናትየውም ሕፃኑም ደህና መሆናቸውን ጥበቃው ነገረኝ። አቀበቱን ብቻዬን ነድቼ ተመለስኩ።

የእውነት ነገር ስለሆነ ልጨምረው፦ የትርሲት እጅ ዛሬም አንዳንድ ቀን ይንቀጠቀጣል። ስትደውል ትነግረናለች፤ ስለ ሥራዋም ታወራለች፤ የከፋትን ቀን «ዛሬ ከፍቶኛል» ትላለች። አልማዝም ደግማ ማኪናዬ ላይ መሳፈር ጀምራለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ ምክር እንድትወስዱ አልጽፍም፤ መካሪ አይደለሁም። ያየሁትን ልንገራችሁ ብቻ። ልጄን ፊት ለፊት አስቀምጬ ብጠይቃት ኖሮ የምትነግረኝ አይመስለኝም። የተናገረችው እጇ ሥራ ይዞ፣ ፊቷ ተሸፍኖ፣ እኔም ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ይዤላት ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ በሥራዬም ላይ ችኮላ ቀንሷል። ሰው እህል ሲያበራይ ካገኘሁት ቁጭ ብዬ አልጠይቀውም፤ መንሹን አነሣለሁ።

ምስጋናዬ ለብዙ ሰው ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ስሙን ለማላውቀው ለዚያ ባል ነው። ሚስትህን ባጣህባት ሰዓት ከወደቅህበት ተነሥተህ ለአንዲት ወጣት ሐኪም ያየኸውን ነገርካት። እሷ መሸከም አቅቷት ወደ ቤት ይዛው መጣች፤ እኛም ከማኪና ሥር አወጣነው። አንተ ሚስትህ ብቻዋን አለመሄዷን ለልጄ ነገርካት፤ በዚያ ቃል እኔ ልጄን መልሼ አገኘሁ። ይህ ጽሑፍ እጅህ ቢገባ፣ ወይ አንብቦ የሚነግርህ ቢኖር፣ ልጅህን ሳምልኝ።